የአያት ሳጥን ሲከፈት፦ አሮጌ ዕቃዎችን እንደ ሙዚየም መመዝገብ፣ ማጽዳትና ማስቀመጥ

ከፒያሳ ወይም ከአራት ኪሎ አሮጌ ቤት ለቆ ወደ ኮንዶሚኒየም የሚገባ ቤተሰብ አንድ ሳጥን አያጣም። ሲከፈት የማይወጣ ነገር የለም። ጠገራ ብር፣ የብር መስቀል፣ ወርቀ ዘቦ ካባ፣ ሙዳይ፣ ጀበና፣ ብራና፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ከታች ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ አሞሌ ጨው። ትንሽ የክልል ሙዚየም ውስጥ የምታዩት ስብስብ ከዚህ ብዙም አይለይም።

ሰው ሳጥኑን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያነሳው ሎሚና ጨርቅ ነው። መስቀሉ ይፈተጋል፣ ካባው ይታጠባል፣ ፎቶው ላሚኔት ይደረጋል። ሁሉም በፍቅር ነው የሚደረገው፤ ዕቃው ግን በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ጉድ ይሆናል። ስለዚህ እዚህ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መጀመሪያ ጻፉ፣ ማጽዳቱ ይቆይ። ብዙው ዕቃ ጭራሽ መጽዳት አያስፈልገውም።

መመሪያው ለቤተሰብም፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ትንሽ ሙዚየም ለሚያደራጅ ትምህርት ቤትም ያገለግላል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ደረቅ ወቅት ምረጡ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሳጥን አትክፈቱ። የአዲስ አበባ ክረምት እርጥበት የተዘጋውን ጨርቅና ወረቀት ባንድ ሳምንት ያሻግታል።

እነዚህን አዘጋጁ፦

- 2ቢ እርሳስና ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር
- ማስመሪያ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን
- ለስላሳ ብሩሽ (የመኳኳያ ብሩሽ ይሆናል፤ አዲስ ይሁን እንጂ)
- ናይትሪል ጓንትና የአፍ መሸፈኛ
- አቡጀዲና ነጭ የጥጥ ክር
- ክዳን ያላቸው የፕላስቲክ ሳጥኖች፣ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ)
- ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ

አቡጀዲውን መርካቶ በሜትር ታገኛላችሁ። ከመጠቀማችሁ በፊት በሙቅ ውሃ ሁለት ጊዜ እጠቡት። ሲሸጥ ስታርች አለበት፤ ስታርች ደግሞ ተባይ ይጠራል። በረኪና አትጨምሩበት።

ከሥራ ቦታው የሚርቁት ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ ሎሚ፣ አመድ፣ በረኪና፣ ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ ሱፐር ግሉ፣ ስኮች፣ ማርከር፣ እስክሪብቶ። ቡናውም ሌላ ክፍል ይፈላ።

ደረጃ 1፦ ሳትነኩ ፎቶ አንሡ

1. ክዳኑን ክፈቱና ከላይ ፎቶ አንሡ።
2. አንድ ንብርብር ባነሳችሁ ቁጥር እንደገና አንሡ።
3. ዕቃ የተጠቀለለበትን ጨርቅ፣ ጋዜጣ ወይም ክር አትጣሉ። ጋዜጣው ላይ ያለው ቀን ዕቃው መቼ እንደተቀመጠ ሊነግራችሁ ይችላል።
4. የካባና የኮት ኪሶችን ፈትሹ። ደረሰኝ፣ ደብዳቤ፣ ክታብ ይወጣል።

አብሮ የተገኘ ነገር አብሮ ይመዝገብ። ከተለያየ በኋላ ማን የማን እንደነበረ የሚያስታውስ አይኖርም።

ደረጃ 2፦ አደገኛውን ለዩ

አሮጌ ጠመንጃ ወይም ጥይት ካገኛችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ውጅግራም ይሁን ምንሽር፣ ጎርሶ ሊሆን ይችላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ስለሚከለክል “የአያቴ ነው” ማለት መከላከያ አይሆንም። ለአካባቢው ፖሊስ አሳውቁ።

የአንበሳ ጎፈር፣ የነብር ቆዳና የተሞላ እንስሳ በጓንት ብቻ ይነካ። ድሮ ቆዳን ከተባይ ለመጠበቅ አርሴኒክ ይቀባ ነበር።

ዱቄት የሚያራግፍ እንጨት፣ የተበሳ ሱፍ፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ያለበት ነገር ካያችሁ ለብቻው በፕላስቲክ ቋጥሩና ከሌላው አርቁ። ምን እንደምታደርጉት ደረጃ 8 ላይ አለ።

ደረጃ 3፦ ቁጥር ስጡ

ሙዚየሞች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ በቂ ነው፦ ዓመት፣ ምንጭ፣ ተራ ቁጥር። 2018.1.7 ማለት በ2018 ዓ.ም. የተመዘገበ፣ ከመጀመሪያው ምንጭ (ለምሳሌ ከእናት ወገን) የመጣ፣ ሰባተኛ ዕቃ ነው።

ክፍሎች ካሉት ፊደል ጨምሩ። ጀበናው 2018.1.7ሀ፣ ማቶቱ 2018.1.7ለ ይሆናል። አንዴ የተሰጠ ቁጥር ዕቃው ቢጠፋም ለሌላ አይሰጥም።

ደረጃ 4፦ መዝገቡን ጻፉ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። “አሮጌ ብር፣ 1” ብሎ ይጽፍና ያልፋል። ከዓመት በኋላ ሦስት አሮጌ ብሮች ካሉ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ለእያንዳንዱ ዕቃ ስሙን፣ የተሠራበትን ነገር፣ ልኩን በሴንቲሜትር፣ ክብደቱን በግራም፣ ያለበትን ሁኔታና ከማን እንደመጣ ጻፉ። ፎቶ ስታነሱ ማስመሪያና ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት ከጎኑ ይኑር። ፊቱንም ጀርባውንም አንሡ።

ለምሳሌ አንድ ጠገራ ብር እንዲህ ይመዘገባል፦

*2018.1.12። ጠገራ ብር። ዲያሜትር 4 ሴ.ሜ፣ ክብደት 28 ግራም። ፊቱ ላይ የማሪያ ትሬዛ ምስል፣ ጀርባው ላይ ባለ ሁለት ራስ ንስር፣ 1780 የሚል ቁጥር። ከላይ ጠርዙ አጠገብ ተበስቷል። በጥቁር ማተብ ላይ ታስሯል። ማተቡ ቅባት ይዟል፤ አልጸዳም።*

“አልጸዳም” የሚለው ቃል ይጻፍ። ቀዳዳውና ቅባት የያዘው ማተብ ብሩ ከገበያ ወጥቶ አንገት ላይ እንደዋለ ይመሰክራሉ። ማተቡን አጥቦ ብሩን ያብለጨለጨ ሰው ምስክሩን አባረረ ማለት ነው።

እዚሁ ላይ ሰው የሚሳሳታቸው ሁለት የዓመት ስህተቶች አሉ። “በ1780 የተሠራ” ብላችሁ አትጻፉ። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ብትሞትም ብሩ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ በተለያዩ አገሮች ያንኑ ዓመት እንደያዘ ተቀርጿል። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የምኒልክ ብር ላይ በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፱ የሚል ብታገኙ ያ 1889 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆች 1896 ወይም 1897። ጠገራው ላይ ያለው 1780 ደግሞ የፈረንጅ ነው። ሁልጊዜ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ለዩ።

“ይባላል”ን ለብቻው ጻፉ

በዓይን ያያችሁትንና የሰማችሁትን አትቀላቅሉ። በአገራችን ጋሻ ሁሉ ከአድዋ ነው የመጣው፤ ያልዘመተ ጋሻ የለም። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። “ከአድዋ እንደመጣ አክስታችን ነገሩን፤ እሳቸው ከአባታቸው ሰምተው ነው” ብላችሁ የነገራችሁን ሰውና ቀኑን ጻፉ።

አዛውንት ስትጠይቁ በስልክ ድምፅ ቅዱ። ፈቃዳቸውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። “እማማ፣ ይሄ የአድዋ ነው አይደል?” አትበሉ። ልጅ አያሳፍሩምና “አዎ ልጄ” ይሏችኋል። “እማማ፣ ይሄን መጀመሪያ ያዩት የት ነው? ማን ነበር የሚይዘው?” በሉ። መልሱ ይለያል።

ደረጃ 5፦ ምልክት አድርጉ

- ለጀበና፣ ለመስቀል፣ ለሙዳይ፦ ቁጥሩን በእርሳስ ካርቶን ላይ ጽፋችሁ በጥጥ ክር ልል አድርጋችሁ እሰሩ።
- ለልብስ፦ የአቡጀዲ ቁራጭ ላይ ጻፉና ጠርዙ ላይ በሁለት ስፌት ብቻ ያዙት።
- ለፎቶ፦ ጀርባው ላይ ጠርዙ አካባቢ፣ በእርሳስ፣ ሳትጫኑ። እርሳስ የማይዘው አንጸባራቂ ወረቀት ከሆነ ቁጥሩን ፖስታው ላይ ጻፉ።
- ለብራና፦ ምንም አትጻፉበት። ቁጥሩ ማኅደሩ ላይ ይንጠልጠል።

ስኮች ከአሥር ዓመት በኋላ ይላቀቃል፤ ሙጫው ግን ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

ደረጃ 6፦ አነሣሥ

ጀበና በአንገቱ ወይም በጆሮው አይነሳም። ጆሮው ድሮ ተሰንጥቆ በጥላሸት ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። አንድ እጅ ከሥር፣ ሌላው ከጎን። ጋሻ በመያዣ ጠፍሩ አይንጠለጠልም፤ የደረቀ ጠፍር ይበጠሳል።

ለብረት ጓንት አድርጉ፤ የእጅ ላብ ጨው አለው፣ አሻራውን ያስቀራል። ለብራናና ለወረቀት ግን ታጥቦ የደረቀ ባዶ እጅ ይሻላል። በጓንት ቅጠል ስትገልጡ ጣታችሁ ስለማይሰማ ትቀድዱታላችሁ።

ብራናን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አትክፈቱ። ከግራና ከቀኝ የተጠቀለለ ፎጣ ደግፉለት፣ ግማሽ ያህል ብቻ ይከፈት። የተጠቀለለ ክታብ “እምቢ” ካለ ተዉት።

ደረጃ 7፦ ማጽዳት፣ የግድ ከሆነ ብቻ

በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራ ማራገፍ ለአብዛኛው ዕቃ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከመሄዳችሁ በፊት የየዕቃውን ጠባይ አንብቡ።

ብር። ጥቁረቱ በአየር ውስጥ ካለ ሰልፈር ይመጣል። በፈተጋችሁት ቁጥር ከብሩም እየተነሳ ይሄዳል። መስቀል ላይ በቅርጹ ጎድጓዳ ውስጥ ያለው ጥቁር ነው ሐረጉን የሚያሳየው፤ እሱን ያወጣ ሰው ሐረጉንም ያጠፋል። በደረቅ ጥጥ ጨርቅ ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉና አቁሙ። ፎይልና ቤኪንግ ሶዳ የሚለውን የኢንተርኔት ዘዴ ተዉት። የተለበጠ ወይም ድንጋይ ያለበት መስቀል ያበላሻል። *ቢጫ ወይም ቀይ ብረት ከሥር ብቅ ካለ* ልባጩ እያለቀ ነው፤ ወዲያው አቁሙ።

ነሐስ። ጠንካራ አረንጓዴ ሽፋን አይጎዳም። ስትነኩት እንደ ዱቄት የሚበን ነጣ ያለ አረንጓዴ ነጥብ ግን እርጥበትና ጨው ሲገናኙ የሚመጣ በሽታ ነው። ለብቻው ከሲሊካ ጄል ጋር ዝጉበት።

አሞሌ ጨው። በክረምት ውሃ ይስባል፣ ያልባል፣ ያለቅሳል። ያ የጨው ውሃ አጠገቡ ያለውን ብረት ሁሉ ይበላል። የታሰረበትን ልጥ አትፍቱ። አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር ለብቻው ይቀመጥ። ላቡ ከጀመረ አትጥረጉት፤ ሲሊካ ጄሉን ቀይሩ።

ልብስ። ወርቀ ዘቦና ከፋይ ውሃ አይነካውም። ባለ ጥልፍ ቀሚስም እንዲሁ። ቀዩ ክር ነጩን ያቀልመዋል፣ ካቀለመ አይመለስም። የቫኪዩም ክሊነር ካላችሁ በዝቅተኛ ኃይል፣ አፉ ላይ የወባ አጎበር ጨርቅ አስራችሁ፣ ልብሱን ሳትነኩ ከላይ ሳቡ። ካውያ አይታሰብ።

ቆዳ። ጋሻ፣ አገልግል፣ የበቅሎ ዕቃ ሲደርቅ ቅቤ መቀባት ልማድ ነው። ለሚሠራበት ዕቃ ልክ ነው። ለሚቀመጥ ዕቃ ግን ቅቤው ይበላሻል፣ አቧራ ይይዛል፣ ተባይም ይጠራል። ቆዳው ሲነካ ቀይ ዱቄት የሚተው ከሆነ ብሩሽም አትንኩት፤ በአቡጀዲ ጠቅልሉት።

ሸክላ። ጀበና አታጥቡ። ጥላሸቱ የአገልግሎቱ ማስረጃ ነው። ከተሰበረ ቁርጥራጩን ሁሉ በአንድ ከረጢት፣ በአንድ ቁጥር አስቀምጡ። በሱፐር ግሉ አትለጥፉ፤ የተሳሳተ ቁራጭ አንዴ ከያዘ የሚያቃናው የለም።

መሶብና ሙዳይ። ስፌቱን ተከትላችሁ በብሩሽ አራግፉ። የአለላው ቀለም ውሃ ሲነካው ይፈስሳል፣ ፀሐይ ሲመታው ይለቃል።

ብራና። ብራና ቆዳ ነው። እርጥብ ጨርቅ ከነካው ይኮማተራል፣ ቀለሙ ይነሳል። ለማቃናት በካውያ የሚተኩስ ሰው አለ፤ ቅጠሉ እንደ ቋንጣ ይጨማደዳል። ገጹ ላይ የጧፍ ሰም ቢንጠባጠብ አትፋቁት። ሰሙ ሲነሳ ከሥሩ ያለውን ፊደል ይዞ ነው የሚነሳው። ምክር ከፈለጋችሁ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ወይም ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሂዱ።

ፎቶ። ጠርዙን ብቻ ያዙ። ላሚኔት አታድርጉ፤ ሙቀቱም ፕላስቲኩም አይመለሱም። ከፍሬሙ መስታወት ጋር ከተጣበቀ አትሳቡ። ከነመስታወቱ ስካን አድርጉና እንዳለ ተዉት።

ደረጃ 8፦ ተባይ፣ ሻጋታ፣ ውሃ

ብል ወይም ነቀዝ ሲገኝ። ናፍታሊን አትጨምሩ፤ ለሳንባም ለዕቃውም አይሆንም። ዕጣን ማጨስ ጥላሸት ይጨምራል እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። እንዲህ አድርጉ፦

1. ዕቃውን በአቡጀዲ ጠቅልሉ፣ በፕላስቲክ ከረጢት አስገቡ፣ አየሩን አስወጡና በደንብ አሽጉ።
2. ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ በሚቀዘቅዝ ቦታ ለሁለት ሳምንት አቆዩ።
3. ስታወጡ ከረጢቱን ሳትከፍቱ አንድ ሙሉ ቀን ተዉት። ቶሎ ከከፈታችሁ ጤዛው ዕቃው ላይ ያርፋል።

መብራት ጠፍቶ ፍሪዙ ከቀለጠ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ይህ ዘዴ ለሱፍ፣ ለጥጥ ልብስና ለሙዳይ ነው። ሥዕል ያለበት እንጨት፣ የዝሆን ጥርስ፣ ብራና፣ ፎቶና ሸክላ ፍሪዝ አይገቡም።

ሻጋታ ሲገኝ። የአፍ መሸፈኛ አድርጉ። እርጥብ ሻጋታ አትጥረጉ፤ ይሰራጫል። ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚያልፍበት በረንዳ ላይ መጀመሪያ ይድረቅ። ዱቄት ሲሆን በብሩሽ ወደ ውጭ አራግፉ። ፀሐይ ላይ አታስጡ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች።

ጣሪያ አፍስሶ ወይም ቧንቧ ፈንድቶ ሲረጥብ። ያላችሁ ጊዜ ሁለት ቀን ያህል ነው፤ ከዚያ ሻጋታው ይጀምራል። ልብሱን ጠፍጣፋ ላይ ዘርጉ። ፎቶዎችን ሳይጣበቁ ለያዩና ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጉ። ማድረቅ የማትችሉት የረጠበ ወረቀት ካለ በከረጢት አድርጋችሁ ፍሪዝ ውስጥ አስገቡ፤ ባለሙያ እስክታገኙ ጊዜ ይገዛላችኋል። የረጠበ ብራና ግን አይቀዘቅዝም፣ አይጫንም፣ ቅጠሉም በኃይል አይለያይም። ነፋስ ባለበት ጥላ አስቀምጡና የዚያኑ ቀን ለባለሙያ ስልክ ደውሉ።

ደረጃ 9፦ ማስቀመጥ

ከወለል አሥር ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ያለ መደርደሪያ፣ ከውጭ ግድግዳ የራቀ፣ ከኮርኒስ በታች ያለ። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት አጠገብ አይሁን። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከላይ ቤት ያለው መታጠቢያ በየት በኩል እንደሆነ አጣሩ። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ብታገኙ ከ45 እስከ 55 በመቶ መካከል ይሁን።

ልብስ አይንጠለጠልም፤ ክብደቱ ትከሻውን ይቀደዋል። ነጠላና ጃኖ በአቡጀዲ በተሸፈነ ቱቦ ላይ ይጠቀለል። መታጠፍ ያለበት ካባ ከሆነ እጥፋቱ ውስጥ የተጠቀለለ አቡጀዲ አድርጉና በየስድስት ወሩ የእጥፋቱን ቦታ ቀይሩ። የሙዚቃ ሸክላ ቆሞ ይቀመጣል፣ አይደራረብም። ብርን ከሱፍና ከላስቲክ አርቁ፤ ያጠቁሩታል። ጋዜጣ ዕቃውን በቀጥታ አይንካ።

መስከረም ላይ ክረምቱ እንዳለቀ፣ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ከመምጣቱ በፊት ሁሉንም ሳጥን ከፍታችሁ ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ። አምስት ደቂቃ በሳጥን ይበቃል።

ዕቃው ከቤት ሲወጣ

ለትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን ካዋሳችሁ የዕቃው ቁጥር፣ ፎቶው፣ ያለበት ሁኔታና የሚመለስበት ቀን ያለበት ወረቀት ሁለታችሁም ፈርሙ። “እንተማመናለን” ከተባለ በኋላ ያልተመለሰ መስቀል ብዙ ነው።

ውጭ አገር ላለ ዘመድ ለመላክ ከፈለጋችሁ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። በቅድሚያ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ። “ይሄ እኮ ተራ ዕቃ ነው” የሚለውን የምትወስኑት እናንተ አይደላችሁም፣ የጉምሩክ ሠራተኛውም ብቻውን አይደለም።

ለሙዚየም በስጦታ ከሰጣችሁ ከዕቃው ጋር የመዝገቡን ገጽና የአዛውንቱን ድምፅ ቅጂ ስጡ። የተረከበበትን ደረሰኝ ተቀበሉ። ከራሳችሁ መዝገብ ላይ ቁጥሩን አትሰርዙ፤ አጠገቡ “በስጦታ ተሰጠ” ብላችሁ የተቀባዩን ስምና ቀኑን ጻፉ።